መንጠቆ የሌላት ዝንብ

ሰዎቹ ከእኔ ቀድመው ደርሰው ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ፊታቸውን ሳይሆን የለውዝ ልጣጩን ነው። ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ትልቁ ሾላ ሥር፣ ሁለት ሰዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ለውዝ እየፈለፈሉ ይበላሉ። ልጣጩ እግራቸው ሥር ተከምሯል። ብዙ ጠብቀዋል ማለት ነው። ማንን እንደሚጠብቁ ግን አልገባኝም። እኔማ "አከም ጅርቱ" ብዬ ሰላም አልኳቸው! አንደኛው እጁን አራገፈና ተነሣ፤ የአሳ ማጥመጃ ዘንጌን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ሊያግዘኝ መስሎኝ ሰጠሁት።

እዚያ ቦታ ማንም አይሄድም። ከዲጋ ወጣ ብሎ፣ ከመኪናው መንገድ ወርዶ፣ የበቆሎ ማሳ አቋርጦ ነው የሚደረሰው። እኛ ራሳችን በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ብቻ ነው የምንሄደው፤ የሚያዝያ ዝናብ ከጀመረ በኋላ፣ ወንዙ ገና ሳይደፈርስ፣ ከዝናቡ ማግስት ፀሐይ ስትወጣ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ "የአንድ ቀኗ" የምንላት ዝንብ ትነሣለች።

ስሙን ያወጣላት አጎቴ ነው፣ የእናቴ ወንድም። ባሌ ውስጥ ሾፌር ሆኖ ቱሪስቶችን ወንዝ ለወንዝ ሲያመላልስ፣ ትራውት የሚባለውን አሳ በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ ለመደ። ሥራው ሲቀዘቅዝ አንድ ዘንግና አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ላባ ይዞ ወደኛ መጣ። ትራውት እዚህ የለም። ነጭ አሳ ግን አለ፤ እሱም ዝንብ ይወዳል። የአንድ ቀኗ ከወንዙ ድንጋይ ሥር እንደ ትል ኖራ ኖራ፣ ቀኗ ሲደርስ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ውሃው ላይ ቆማ ክንፏን ታደርቅና ትበራለች። በማግስቱ የለችም። ሁሉም አንድ ላይ ሲነሡ ወንዙ የፈላ ይመስላል፣ አሳዎቹም ያብዳሉ! እኛ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ጠምጥመን እሷን የምትመስል እንሠራለን። ክሩን አየር ላይ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት እያመላለስን፣ እንደ እውነተኛዋ ቀስ አድርገን እናሳርፋታለን። አሳው ሲይዝ ዘንጉ እጅ ላይ የሚንቀጠቀጠው ነገር፣ ኡፍ፣ መዳፌ እስካሁን አልረሳውም። ከዚያ መንጠቆውን ነቅለን አሳውን እንለቀዋለን። አጎቴ ከባሌ ያመጣው አመል ነው። "ለሚመጣው ዓመትም ይኑርልን" ይላል።

ቦታውንም ቀኑንም የምናውቀው እኔ፣ አጎቴና ጓደኛዬ ብቻ ነበርን።

ጓደኛዬ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አጠገቤ ነው የተቀመጠችው። "ሂሪያ ኮ" ትለኛለች፤ ጓደኛዬ ማለት ነው። ኦሮምኛ የለመድኩት ከእሷ ነው፤ የእናቴን የወሎ አማርኛ ደግሞ ከእኔ አሳምራ የምትናገረው እሷ ናት። ወንድሟ ከገና በፊት ታስሮ ስለነበር ያን ሰሞን ብዙም አትስቅም ነበር። ላስቃት ብዬ ከትምህርት ቤት ሹራቤ ቀይ ክር መዘዝኩና አንዲት ዝንብ ሠራሁላት። ቀይ የአንድ ቀኗ የለችም፤ አሳም አያምናትም። መንጠቆዋን በፒንሳ አጥፌ የቦርሳዋ ዚፕ ላይ አንጠለጠልኳት። ሳቀች። ያን ሳቋን አስታውሰዋለሁ።

ሁለቱ ሰዎች ከወንዙ ዳር ይዘው የወሰዱኝ የእስር ክፍል የቡና መጋዘን የነበረ ነው። ሲሚንቶው ላይ እስካሁን የጆንያ ሽታ አለ። አንድ አምፖል፣ ከፍ ብሎ ወንፊት የተመታበት አንድ መስኮት፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሴቶች። ጫማዬን ወንዙ ዳር ስላወለቅሁ በባዶ እግሬ ነበርኩ። ከኡኬ የመጡ አንዲት የበርበሬ ነጋዴ ብርድ ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው "ኮቱ፣ ነይ፣ እግርሽን እዚህ ክተቺ" አሉኝ። ሁሉም "አዴ" ነው የሚላቸው፣ እናት እንደማለት፤ እኔም አዴ አልኳቸው።

"ምን አድርገሽ ነው?" አሉኝ።

"አሳ ሳጠምድ።"

"ቁርጡሚ? አሳ?" ብለው ወደ ሌሎቹ ዞሩ። "ሰማችሁ? እኛ በሰው ነገር ገባን፣ ይቺ በአሳ ነገር ገባች!" ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የማይረባ ስህተት ነው፣ ነገ ይጣራል ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ዘንጌን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ጠበቀኝ። ጮሆ አልተናገረም። ወንበር እንኳ ሰጥቶኛል።

"አሳ የሚያጠምድ ሰው ክሩን የት ነው የሚጥለው?"

"ውሃ ላይ።"

"አንቺ ግን አየር ላይ ነው የምትጥይው። ሰዎች ከመንገድ አይተውሻል። ወደ ጫካው ዞረሽ እጅሽን ታውለበልቢያለሽ። ለማን ነው ምልክት የምትሰጪው?"

ክሩን ሳላመላልስ ሩቅ እንደማይሄድ፣ ዝንቧ ክብደት እንደሌላት ተነሥቼ ላሳየው ሞከርኩ። ቁጭ በይ አለኝ።

"እሺ። የያዝሽውን አሳ ምን ታደርጊዋለሽ?"

"እለቀዋለሁ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በእኛ ሠፈር ከወንዝ ተመልሶ አሳ ያልያዘ ሰው አሳ አላጠመደም። ጎረቤቶቻችን አንድ ቀን እንኳ ከቤታችን የአሳ ሽታ ሸትቷቸው አያውቅም። እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ውሸት ይመስላል።

"ስትይዢ ያየሽ ሰው አለ? ከአጎትሽ ሌላ?"

ደስ አለኝ! "አለ! ጓደኛዬ! በእጇ ይዛው ታውቃለች፤ አዳልጧት ውሃ ውስጥ ወድቃ..."

መሳቢያውን ከፍቶ ቀይዋን ዝንብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ክሩ የሹራቤ ነው። የታጠፈችው መንጠቆ ላይ የፒንሳዬ ጥርስ ምልክት አለ። የለውዙ ልጣጭ ወዲያው ትዝ አለኝ። ሰዎቹ ቦታውን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ያወቁት ከማን እንደሆነ ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"አሳ አይቼ አላውቅም ብላለች" አለ መርማሪው። "የሚቀያየሩት ላባ ነው ብላለች። እያንዳንዱ ቀለም ትርጉም አለው?"

ቀይዋን ዝንብ በጣቴ ገለበጥኳት።

"አንቺ ልጅ ነሽ" አለኝ፤ ድምፁ የደግ ሰው ድምፅ ነው። "ምልክቱን ያስተማረኝ አጎቴ ነው በይ። ይቺን ብቻ። ዛሬ እናትሽ ቤት ታድሪያለሽ።"

ቤታችን ከዚያ ግቢ ሩቅ አይደለም፤ ከመስኮቱ ባሻገር ወደ ሠፈራችን የሚወስደው የባሕር ዛፍ መስመር ይታየኛል። አጎቴ በዚያ ሰዓት ኡኬ ላይ የሰው መኪና ሥር ተኝቶ ጥገና ላይ እንደሚሆን አሰብኩ። ምንም አልሰማም። አንድ ቃል ብናገር ማታውን እኔ እወጣለሁ፣ እሱ ይገባል።

"ዝንብ ናት" አልኩት። "አሳ ማጥመጃ ናት። አጎቴ ያስተማረኝ አሳ ማጥመድ ነው።"

"እንግዲያው ቆይተሽ አስቢበት" አለኝ።

ክፍል ስገባ አላለቀስኩም። አዴ ፊቴን አይተው "ማን ነው?" ብቻ አሉኝ፤ ማን ሸጠሽ ማለታቸው ነው። "ጓደኛዬ" አልኩ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉልኝ። ሰው ሲከዳ ጀርባ ይወጋል ሲሉ እሰማ ነበር። እኔን ያመመኝ ጀርባዬን አይደለም፤ ደጋግሜ የማስበው ያን ሳቋን ነበር። ቦርሳዋን እያወዛወዘች የሳቀችውን። ስትስቅ ታውቅ ነበር? ገና አታውቅም ነበር? ይሄን ማወቅ ከመፈታት እኩል ፈለግሁ።

አመሻሽ ላይ አምፖሉ ሲበራ በወንፊቱ ቀዳዳ አንዲት ገባች። ከግቢው ጀርባ ትንሽ ጅረት አለች። ክንፏን ቀጥ አድርጋ ግድግዳው ላይ አረፈች፤ ጅራቷ እንደ ፀጉር የቀጠነ። የአንድ ቀኗ! አዴ ነጠላ ጫማቸውን አነሡ።

"አዴ፣ ይተዋት፣ ይተዋት! አትናከስም። አፍ እንኳ የላትም።"

"አፍ የላትም?"

"ከበረረች በኋላ አትበላም፣ አትጠጣም። አጎቴ በአጉሊ መነጽር አሳይቶኛል።"

አዴ ጫማውን እንደያዙ ትንሽ አዩዋትና "ታዲያ መርማሪው ምን ሊያደርጋት ነው?" አሉ። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ጠባቂው በሩን እስኪደበድብ። እኔም እየሳቅሁ እንባዬ መጣ። ለማልቀስ ጥሩ አጋጣሚ ነበር፣ ማንም ልብ አላለም።

ከዚያ ወዲያ እጄን ሥራ ላስፈታው አልፈለግሁም። ሽንት ቤት ስንወጣ ግቢው ውስጥ የዶሮ ላባ ለቀምኩ። ከመጥረጊያው አንድ ስንጥር ሰበርኩ። የአዴ ብርድ ልብስ ጠርዙ ቀይ ነበር፤ አስፈቅጄ ክር መዘዝኩ። ለጅራቷ ሽበት ከራሳቸው ላይ ነቅለው ሰጡኝ፤ "ያው ከማርጀት በቀር ምን አደረገልኝ" እያሉ። ጠመጠምኩ፣ ቋጠርኩ። ከሠራኋቸው ዝንቦች ሁሉ ያማረችው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

"መንጠቆስ?" አሉኝ አዴ።

"እዚህ ማን መንጠቆ ያስገባልኛል?"

እሑድ ስንቅ ይገባል። ስሜ ሲጠራ ወጣሁ። እናቴ ከእንጨቱ አጥር ማዶ ቆማለች፤ ከኋላዋ ጓደኛዬ፣ ምሳ ዕቃ በሁለት እጇ ይዛ።

"እናትዬ፣ ከሳሽብኝ" አለች እናቴ። "አይዞሽ፤ ይቺ ልጅ ብቻዬን አልተወችኝም። ጨጨብሳውን ራሷ ናት የሠራችልሽ።" ከዚያ ደስ የሚል ወሬ ልትነግረኝ ፊቷ በራ። "ደሞ ወንድሟ ተፈታላት እኮ! በዚህ ሳምንት! ያንቺም እንዲሁ ነው፣ አየሽ፣ ይፈታሉ።"

ጓደኛዬ መሬት መሬት ታያለች። ወንድሟን አውቀዋለሁ፤ ሳይክል ያስተማረኝ እሱ ነው። መፈታቱ ደስ አሰኘኝ፣ አልዋሽም። በምን ምትክ እንደተፈታም ገባኝ።

ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ከፈተ። እዚያ ምግብ ያመጣ ሰው ቀምሶ ነው የሚያስገባው። "ቅመሺ" አላት። ቆንጥራ ወደ አፏ ወሰደች፤ ማኘክ አቃታት። "ዋጪው እንጂ!" አለ ጠባቂው። እናቴ "ምን ሆነሽ ነው እናትዬ፣ ውሃ ላምጣልሽ?" አለቻት። በግድ ዋጠች።

እናቴ ወደኔ ዞረች። "ማነው ልጄ እንዲህ ያደረገሽ? እስቲ ንገሪኝ፣ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።"

ጓደኛዬ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ቃል በቂ ነበር። እናቴ እዚያው አጥር ሥር ትጮህባት ነበር፤ መንደሩም እስከ ማታ ይሰማ ነበር።

"ዝንብ ናት ያሳሰረችኝ እማ" አልኩ።

ጨጨብሳውን ወደ ክፍል አስገብቼ ለአዴና ለሴቶቹ አካፈልኩ። እኔ አልቀመስኩም። ባዶውን ምሳ ዕቃ ሳጥብ ክዳኑ ውስጥ እስር ቤት የሠራኋትን ቀይ ዝንብ አስቀመጥኩ። ወደ አጥሩ ስመልሰው ጠባቂው ከፍቶ በጣቱ ነካ አደረጋት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዝንብ። ይመልከቷት፣ መንጠቆ የላትም።" ይሄን ያልኩት ለእሱ አልነበረም።

ትከሻውን ነቅንቆ ክዳኑን ገጠመው። ጓደኛዬ ምሳ ዕቃውን ደረቷ ላይ አቅፋ ሄደች። "ሂሪያ ኮ" አላለችኝም።

መርማሪው ደጋግሞ ጠራኝ፤ ደጋግሜ አሳ አልኩት። አንድ ጠዋት "ውጪ" አሉኝ። ለምን እንደገባሁ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደወጣሁም አልነገሩኝም። ዘንጉን አልመለሱም። አጎቴ ነቀምቴ ሄዶ ቀርከሃ ገዝቶ ሌላ ሠራ፤ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ክሩን ይጥላል።

ዘንድሮ ሚያዝያ ዝናቡ ጣለ። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። አጎቴ "ሌላ ቦታ እንፈልግ ይሆን?" አለኝ። እምቢ አልኩ። ቦታው የእኔ ነው፤ ለምን እቀይራለሁ?

የለውዙ ልጣጭ ሾላው ሥር አሁንም ነበር፤ ጠቁሮ ከአፈሩ ጋር ሊቀላቀል ምንም አልቀረውም። ጫማዬን አወለቅሁ። ቀና ስል ጓደኛዬ ከወንዙ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ቀኑን ታውቀዋለች፤ ማን ይከለክላታል። ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ ነው፤ ዚፑ ላይ ቀይ ነገር ተንጠልጥሏል። አጎቴ እሷንም እኔንም አየና መንጠቆ የሚመርጥ መስሎ አጎነበሰ።

ነይ አላልኳትም። ሂጂም አላልኳትም። ያን ሳቅ መቼ እንደሳቀችው አሁንም አልጠየቅኋትም፤ አንድ ቀን እጠይቃት ይሆናል፣ ላልጠይቃትም እችላለሁ። ውሃው መሐል ላይ አንዲት ብቅ አለች፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ወንዙ በሙሉ።

"ተነሡ" አለች ከማዶ፣ ቀስ ብላ።

"አይቻለሁ" አልኳት።

ክሩን ወደ ኋላ ወረወርኩ፣ አየር ላይ፣ ከመንገድ የሚያየኝ ሁሉ እንዲያየኝ አድርጌ።