አንዴ ብቻ በሚጠየቅበት አገር

ዛሬ አርሊንግተን ላይ፣ በዚያ ሙቀት ሽንኩርት ተሸክሜ አስፋልት ዳር ሳሩ ላይ ስራመድ፣ ፎቃችን ላይ የሚኖር ጎረቤታችን ፒክአፑን አጠገቤ አቆመ።

"ራይድ ልስጥሽ?"

"ኖ፣ ኖ፣ ደህና ነኝ!" አልኩት። እግሬ ግን ወደ መኪናው በር ሄዷል።

"ኦኬ!" ብሎኝ ነድቶ ሄደ።

እኔና ባለቤቴ እዚህ ከመምጣታችን በፊት በእሱ ሥራ ምክንያት ሁለት ዓመት ቡታን ኖረናል። ናዳ መንገዱን ዘግቶብን ሳምንት ሙሉ ቤት ተቀምጠን እናውቃለን። ግን እዚያም እንደኛው ነው፤ ምግብ ሲቀርብልህ አፍህን በእጅህ ሸፍነህ "አይሆንም" ትላለህ፣ እነሱ ደግሞ እስክትበላ ይለምኑሃል። አንድም ቀን ተርበን አላደርንም።

እዚህ ናዳ የለም፣ መንገዱ ሁሉ ክፍት ነው። ግን አውቶቡስ የለም፣ ያለችንም አንድ መኪና ናት። ባለቤቴ ጠዋት ኤርፖርት ሥራ ይዟት ይወጣል፣ እኔ ይኸው ስምንት ወር ከግድግዳ ጋር ተፋጥጫለሁ።

በእረፍቱ ሰዓት ኮል አድርጌ የጎረቤታችንን ነገር ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። "ወይኔ!" አለ።

"ምነው?"

"እዚያው ሰፈራችን የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ገና በመጀመሪያው ቀን 'በየቀኑ በኔ መኪና እንሂድ' ብሎኝ ነበር።"

"እና?"

"'አይ፣ አላስቸግርህም' አልኩት። ደግሞ አልጠየቀኝም።"

ለካ ስምንት ወር መንገድ የዘጋብኝ ናዳ የባሌ ይሉኝታ ነው!

እናንተስ፣ አንዴ "ኖ" ብላችሁ ምን አመለጣችሁ? ጻፉልኝ። "አይ፣ ይቅር" ካላችሁኝ፣ እኔ በሞቴ ብዬ ደግሜ እጠይቃለሁ።