ለአምስት እኔ አንድ ጋሎን

አዲስ ቀለም በሸተተኝ ቁጥር የግድግዳ ልስን ቅዝቃዜ ጀርባዬ ላይ ይመጣብኛል።

ልጅ ሳለሁ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ፣ ገና በሚሠራ ፎቅ ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ቤት እንኖር ነበር። አባቴ ቀለም ቀቢም ዘበኛም ስለነበር ሥራው ከሄደ ቤታችንም አብሮ ይሄዳል፤ እናቴ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የሚንቀጠቀጠውን ጣሪያ ቀና ብላ እያየች «ይህንንም አያሳጣን» ትል ነበር።

አባቴ ሜትር አልነበረውም። እኔን ግድግዳ አስደግፎ፣ እጆቼን አስዘርግቶ፣ የጣቴ ጫፍ ያረፈበትን በእርሳስ ምልክት እያደረገ ክፍሉን ዙሪያውን በእኔ ይለካው ነበር። ለአምስት እኔ አንድ ጋሎን። ግንበኞቹ «ሜትሯ መጣች!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በበጋው የምድር ቤቱን ሳሎን ስንለካ ሃያ እኔ ሆነ፤ አራት ጋሎን ገዝቶ ልክ ደረሰለት።

ክረምቱን ዝናቡ ሥራ አስቆመ። በጥቅምት ከዚያው በላይ ያለውን፣ ከታችኛው የማይለየውን ሳሎን ስንለካ ግን አሥራ ስምንት ሆነ። አባቴ «ይሄ ጠበብ ይላል፣ ሦስት ተኩል ይበቃል» አለ። እኔ የሹራቤ እጅጌ ከአንጓዬ በላይ መቅረቱን አይቼ ነበር፤ ነገር ግን የፎቁ ባለቤት በዚያው ሰሞን «ይሄ ከተበላሸ ሌላ ቀቢ አመጣለሁ» ሲል ሰምቼ ስለነበር፣ አፌን ከከፈትኩ የሚያባርሩን መስሎኝ ዝም አልኩ።

ቀለሙ የመስኮቱ ግድግዳ መሃል ላይ አለቀ። አባቴ ነጩንና ቢጫውን በዓይኑ እየመጠነ በባልዲ ስለሚያዋህድ፣ እንደገና ሲበጠብጥ መልኩ አንድ አይሆንም፤ ባለቤቱ ደግሞ በማግስቱ ይመጣል። ባዶውን ግድግዳ አየና «ነይ እስቲ፣ ዘርጊ» አለኝ። ዘረጋሁ። እጅጌዬን አየ።

«አንቺ! አድገሻል እኮ!» ብሎ ሳቀ፤ እናቴንም ጠርቶ አሳያት።

«ያባርሩናል?» አልኩት እያለቀስኩ።

«እሱን ነገ እናየዋለን።»

አዲስ በጥብጦ ያን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ደግሞ ቀባው፤ የቀለም ልዩነት ጥግ ላይ ይደበቃል። በማግስቱ ባለቤቱ መጥቶ ዙሪያውን ሲያይ፣ እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። «ጥሩ ነው፣ ቀጥል» ብሎ ወረደ።

ዛሬ ቤቴን ሳስቀባ በሜትር ሁለቴ አስለክቼ፣ አንድ ጋሎን ትርፍ አስገዛለሁ፤ የሚያስወጣንም የለም። ሆኖም የልጄ ቀሚስ ባጠራት ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ፍርሃት ነው። አባቴ ግን፣ ቤታችን በዚያ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ መጀመሪያ ሳቀ።