ሳይመሽ የተነገረ ተረት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከመሸ በኋላ ብቻ ነበር። የሚተርቱልን አባባ ሰይድ፣ የእናቴ አጎት፣ ኦክላንድ ውስጥ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ፤ ከደሴ ይዘውት የመጡትን የእናታቸውን ወግ ግን አልለቀቁም። «በቀን ተረት የሚያወራ፣ የመንገደኛውን መንገድ ያጠፋል» ይሉ ነበር። እኔም አምናቸው ነበር።

እናቴ ሳን ሆዜ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ አግኝታ ስንመጣ እኔ የስምንት፣ ወንድሜ አንዋር የአምስት ዓመት ልጆች ነበርን። አባታችን ወረቀቱ እስኪያልቅለት ደሴ ቀረ። የሳን ሆዜ የቤት ኪራይ የሚቀመስ ስላልነበረ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር፣ አባባ ሰይድ ቤት ተጠጋን፤ እናቴም በየቀኑ በባቡር ትመላለስ ጀመር። በዚህ አገር ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረንም ብል አባባን መበደል ይሆናል፤ ያኔ የሚሰማኝ ግን እንደዚያ ነበር። ጠዋት በሩን ዘግታ ከወጣች ጀምሮ፣ ማታ የቁልፏን ድምፅ እስክሰማ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው።

የዚህ አገር በጋ ደግሞ አይመሽም። ደሴ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ድርግም ይላል፤ እዚህ እራት ተበልቶ፣ ሳህን ታጥቦም ፀሐይ አልሄደችም። አንዋር «አባባ፣ መሸ?» ይላል። እሳቸው መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፣ «ገና ነው፣ ታገስ» ይሉታል። ሲጨልም መብራቱን ሁሉ አጥፍተው ሻይ ይጥዱና፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው ቀለበት ፍም መስሎ ሲቀላ ፊታቸው በዚያ ብርሃን እየታየ ይጀምራሉ፤ እናቴ ጫማዋን አውልቃ ግድግዳ ተደግፋ ታዳምጣለች። አንዴ «ጭስ የሌለው ተረት አይጥምም» ብለው የብርቱካን ልጣጭ ቀለበቱ ላይ ቢጥሉ፣ የጣራው የጭስ ደወል ጮኾ ጎረቤቱን ሁሉ ደጅ አስወጣው። ከዚያ ወዲህ ያለ ጭስ ለመድነው።

አንድ ቀን እናቴ በመምጫዋ ሰዓት አልመጣችም። እራቱ ቀዘቀዘ። አባባ ደጋግመው ደወሉ፤ ስልኳ አይጠራም። ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በስልክ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማሁ፤ «ከወጣች ቆየች? እሺ፣ ካገኘሻት ቴክስት አድርጊልኝ፤ ልጆቹ እንዳይሰሙብኝ።»

ተመልሰው ገቡና መጋረጃውን ግጥም አድርገው ዘጉ። ምድጃውን አበሩ፤ ሻይ ግን አልጣዱም። ከመጋረጃው ሥር የገባው የፀሐይ ብርሃን ምንጣፉ ላይ ቀጭን መስመር ሠርቶ ነበር።

«ተረት ተረት» አሉ።

አባባ ሰይድ በቀን ተረት ሊያወሩ? ትልቅ ሰው ሲፈራ ያየሁት ያኔ ነው። «ገና እኮ አልመሸም» ልላቸው አፌን ከፈትኩና፣ እጃቸው ውስጥ አጥብቀው የያዙትን ስልክ አየሁ።

«የላም በረት!» አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ።

ተረቱን ደጋግመን ሰምተነዋል። ጅብ ዝንጀሮን ያባርራል፤ ዝንጀሮው ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ጅብ ከሥር ሲጠብቅ ጉንዳን ጅራቱን ይጨርሰዋል፤ አለቀ። ያን ቀን ግን ዝንጀሮው ከዛፉ ወደ ሌላ ዛፍ ዘለለ፣ ከዚያም ወደ ሌላ፤ አባባ የደሴን ዛፍ ጨርሰው የኦክላንዱን ሐይቅ የሌክ ሜሪትን ዛፍ ጀመሩ። አንዋር ይንከተከታል። እኔ ተረቱ በረዘመ ቁጥር እናቴ የምትርቅ እየመሰለኝ፣ እንዳያቆሙም ደግሞ እየፈራሁ፣ «ከዚያስ?» እላለሁ።

ቁልፉ ተሰማ። እናቴ ገባች። ለካ ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ጥሏት መጨረሻው ጣቢያ ድረስ ተወስዳ፣ የስልኳም ባትሪ አልቆ ነው። ይህን እያስረዳች ሳለ የተዘጋውን መጋረጃና ምንጣፉ ላይ ያለውን ብርሃን አየች። እሷም በዚያው ወግ ያደገች ናት።

«አባባ… ሳይመሽ?» አለች።

«ምን ላድርግ፣ ልጄ» አሉ፤ ስልኩን ገና ያኔ ከእጃቸው አስቀመጡት።

ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገባችን ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያ ተረት «አፌን በዳቦ አብሱ» ሳይባልበት ቀረ።

አባባ ሰይድ ካረፉ ቆዩ። ከዚያ ሁሉ ምሽት ጅቡም ዝንጀሮውም ደብዝዘውብኛል፤ የቀረልኝ አንድ ሽማግሌ ለእኛ ሲል የእናቱን ቃል የጣሰበት ያ ቀን ነው። እኔም ለልጄ ለሐናን ከመሸ በኋላ ብቻ ነው የምተርትላት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ባለፈው በጋ አባቷ ከሳን ሆዜ ሲመለስ ዘገየ፤ ስልኩንም አያነሳም። በኋላ እንደሰማሁት መንገድ ተዘግቶበት ኖሯል፤ ያኔ ግን አላወቅኩም። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ሳላስበው ተነስቼ መጋረጃውን ዘጋሁ።

«ተረት ተረት» አልኳት።

ልጄ መጋረጃውን አየች፤ ቀጥላ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አየች።

«የላም በረት!» አለች፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብላ።