የወንድሜ ውስጥ እግር

ባለፈው ሳምንት የታክሲ በር ስከፍት እጀታው አቃጠለኝ። እጄን መንጭቄ ሳነሳ የጋለ ብረት ሽታ ሸተተኝ፤ ወንድሜ ትዝ አለኝ።

አባታችን በወደብ ከተማችን ባቡር ጣቢያ ውስጥ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበር። ቤታችንም ከሐዲዱ አይርቅም። ታናሽ ወንድሜን ገና በልጅነቱ ክፉኛ አተኮሰው። ትኩሳቱ ሲለቀው ግራ እግሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ፖሊዮ ነው አሉን።

እኔ አላመንኩም። ማታ ማታ ውስጥ እግሩን ስኮረኩረው “እትዬ፣ በቃ! በቃ!” እያለ በሳቅ ይፈርሳላ! የሚሰማው እግር እንዴት አይሄድም? ሰንፎ ነው አልኩ። በአሥር ዓመቴ ሐኪም ነበርኩ፣ ምን ታደርጉኛላችሁ።

አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ ሱቁን ዘግቶ ሲተኛ፣ አዝዬው ወደ ሐዲዱ ወጣሁ። ነፋሱ የባሕር ጨውና የናፍጣ ሽታ ያመጣ ነበር። “ሲያቃጥልህ ትሰበስበዋለህ” ብዬ ባዶ እግሩን ሐዲዱ ላይ አሳረፍኩት።

ጮኸ። እግሩ ግን ንቅንቅ አላለም። እኔም ደርቄ ቀረሁ። በመጨረሻ ራሱ በሁለት እጁ፣ ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው፣ እግሩን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ማታ አባቴ ቁስሉን ሲያይ፣ ወንድሜ “እኔው ነኝ ሐዲዱን የነካሁት” አለ። አባቴም ቅባት እየቀባው ሐኪሙ የነገረውን በራሱ ሙያ አስረዳን። “የሚሰማበት ነርቭ ደህና ነው። በሽታው የገደለው አከርካሪው ውስጥ ሆነው ጡንቻውን የሚያዙትን ነርቮች ነው። እግሩ ወደ ላይ ይደውላል፤ ከላይ ሲደወልለት ግን አይጠራም።”

ከዚያን ቀን ወዲያ ኮርኩሬው አላውቅም። አፈርኩ። እሱ በክራንች ትምህርቱን ጨረሰ፣ የመጋዘን ጸሐፊ ሆነ፣ ፀጉሩ ሸበተ። ስለ ሐዲዱ አንድ ቀንም አንስተን አናውቅም።

ከታክሲው ወርጄ በቀጥታ ቤቱ ሄድኩ። “ያን ቀን ያቃጠልኩህ...” ብዬ ስጀምር ዕንባዬ ቀደመኝ።

“እሱን ተይው” አለኝ። “መኮርኮሩን ለምን ተውሽው? ስንት ዓመት ጠበቅኩሽ እኮ፣ እትዬ።”

እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ጭኔ ላይ አኖረው። የሰለለ፣ የቀለለ እግር ነው፤ ተረከዙ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ኮረኮርኩት። ሽማግሌው ወንድሜ “በቃ! በቃ!” እያለ በሳቅ ፈረሰ።

የእግሩ ጣቶች አልተንቀሳቀሱም።