አክስቴ መቀመጥ ያቃታት ክረምት

ደብረ ታቦር የተማርኩት አክስቴ ቤት ሆኜ ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአጥሩ ውጭ የምሰማው የስፌት መኪናዋንና እንጉርጉሮዋን ነበር። ትምህርት ሲዘጋ የሰፋቻቸውን ቀሚሶች ይዘን ሐሙስ ሐሙስ ሐሙሲት ከተማ ገበያ እንወርድ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ የማያውቃት ሰው እንኳ አብሯት ሲስቅ ይደርስ ነበር። ያ ሳቋ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

አንድ ክረምት እንጉርጉሮዋ ቀረ። ስፌት መኪናዋ ፊት ጥቂት ትቀመጥና ፊቷን አጨማዳ ትነሳለች። ገበያ መውረዱን ተወችው። ቤተ ክርስቲያንም ከቅጥሩ ውጭ ተሳልማ ትመለስ ጀመር። ከባሏ መኝታ ለየች፤ እሱም ጠልታኝ ነው ብሎ አኮረፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሮ ልብስ ስናሰጣ እጄን ያዘችኝ።

«ብልቴን ያሳክከኛል» አለችኝ፣ መሬት መሬቱን እያየች። «ቆዳው ነጥቶ ተሰነጣጥቋል። ሽንት ሲነካው እሳት ነው። ሴትነቴ ያለቀ ይመስለኛል።»

ለካ ስትደብቀው ከርማለች። በሎሚና በጨው ስታጥበው ይብስባታል። ሲደማባት ንጹሕ አይደለሁም ብላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ትቀራለች። ባሌ ያመጣብኝ ይሆን፣ ወይስ የኃጢአቴ ነው እያለች ስታብሰለስል እንቅልፍ አጥታለች። አንዳንዴ ባይነጋልኝ ብላ እንደምትተኛም ያን ቀን ነገረችኝ። እኔም ፈራሁላት።

ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት ወንድ አያየኝም አለች። ሴት ሐኪም መኖሯን አጠያይቄ ስነግራት ግን ነጠላዋን አንስታ ተከተለችኝ።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። ሳትቸኩል አየቻትና «የቆዳ በሽታ ነው» አለቻት። «ከሰው የመጣብዎ አይደለም፤ ወደ ሰውም አይተላለፍም። እንደ እርስዎ የሚታመሙ ብዙ ሴቶች አሉ።»

«ሌላም ሴት ያማታል?» ብላ ጠየቀች አክስቴ፤ ከዚያ አለቀሰች።

የሚቀባ መድኃኒት ተሰጣት። ሎሚውንና ጨዉን እንድትተው፣ በሳሙናም እንዳትታጠብ፣ በሽታው ጨርሶ ላይጠፋ ስለሚችል እየተመላለሰች እንድትታይ ተነገራት። ማታውን ለባሏ ራሷ ነገረችው። ምን እንደመለሰላት አላውቅም፤ በማግስቱ ግን ስፖንጅ ቆርጦ በወንበሯ ልክ ሲሰፋ አየሁት።

መስከረም ሲጠባ ቀለል አላት። ሕመሙ ደጋግሞ እየተነሳ ዝም የምትልባቸው ቀናት ነበሩ፤ ግን ማዘኗን እንደ ድሮው አትደብቅም። ልኬት ሊሰጡ የሚመጡ ሴቶችንም እንደሷ የሚያማቸው እንደሆነ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቃቸው ጀመር። ከአንዳንዷ ጋር ወሬው ሲረዝም አክስቴ ክር ግዢልኝ ብላ ትልከኛለች፤ እኔም ብቻቸውን እንዲያወሩ መፈለጓ ገብቶኝ ገበያው ውስጥ ቆየት ብዬ እመለስ ነበር።