ሳያድር የሚታጠብ ጠመንጃ

ሰሞኑን ቤቱ ቀለም ሲቀባ የልጅ ልጄ ያን ጠመንጃ ከግድግዳው አወረደና በአፈሙዙ አጮልቆ አየ። «እማማ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተሰቅሎ ውስጡ እንዴት አልዛገም?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ ነበር፤ እኔ ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

የሠራው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ተፈራ ነው። አሰላ ውስጥ አናጢ ነበር፤ አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝም እሱ ነው። አያታችን ባሩድና እርሳስ በአፉ የሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ ነበራቸው። ያንን አስመስሎ ለመሥራት ቱቦውን አዲስ አበባ ካለ አንድ አርመን ጠመንጃ ጠጋኝ ገዛ፣ ሰደፉን ከወይራ ራሱ ጠረበ። አደንም ፉከራም አይወድም ነበር። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሳጉሬ መንገድ ወጣ ብለን፣ ሜዳው ላይ ነጭ ድንጋይ አቁመን ኢላማ እንተኩሳለን። ሰው ይስቅብን ነበር፤ የሌላው ምንሽር አምስቴ ሲጮህ የእኛ ባሩድ ገና እየተሰፈረ ነው።

ጭንቁ ግን እጥበቱ ነበር። የባሩድ ጥላሸት ካደረ ብረቱን ይበላዋል። ቤት እንደገባን፣ ምሳ እንኳ ሳይቀርብ፣ የፈላ ውሃ በቱቦው እናፈሳለን፣ ባሩዱ የሚጠቀጠቅበት ዘንግ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠምጥመን እንፈትገዋለን፣ ሲደርቅ የበግ ሞራ እንቀባዋለን። ራበኝ ብዬ ሳጉረመርም፣ «አንቺ ቢርብሽ አትዝጊም» ይለኝ ነበር።

አንድ የመስከረም እሁድ፣ ድንጋዩ ወድቆ ላቆመው ስሄድ ዝናቡ ከጭላሎ በኩል ድንገት ወረደ። «ነይ፣ ይበቃናል!» ብሎ ጠራኝ። ጠመንጃውን በጋቢው ሸፍኖት ነበር። መንገድ ላይ ደረቱን ይዞ ሁለቴ ቆመ። ቤት እንደደረስን ጋደም አለ፤ ውሃ ይዤለት ስመለስ አርፏል።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። እኔ ግን ዓይኔ በሩ ጥግ ከቆመው ጠመንጃ ላይ አልነቀል አለ። ሊመሽ ነው። እንደዚያው ካደረ፣ ከእጁ ሥራ የቀረኝን ነገር ዝገት ሊበላብኝ ነው። ተነሥቼ ውሃ ጣድኩ።

«ልጅቷ አእምሮዋን ሳተች» አሉ ሴቶቹ። አጎቴ አቶ በቀለ ግቢ ድረስ ተከተሉኝ።

«ወንድምሽ ተጋድሞ ብረት ታጥቢያለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ሳያድር መታጠብ አለበት። እሱ ነው ያለኝ» አልኳቸው።

ከማጠቤ በፊት ዘንጉን ከተትኩ። ቱቦው ባዶ ሲሆን የዘንጉ ጫፍ ከአፈሙዙ ጋር እኩል ይሆናል። አሁን ግን ሦስት ጣት ያህል ወጥቶ ቀረ። ለካ እኔ ድንጋዩን ላቆም ስሄድ ጋሼ አጉርሶት ኖሯል። የጎረሰ ጠመንጃ እንዲሁ አይታጠብም፤ መጀመሪያ መተኮስ አለበት።

በእኛ ዘመን ለቅሶ ላይ የሚተኮሰው ለጀግና ወይም ለባላባት ነበር። ለአናጢ ማን ይተኩሳል? «ጎርሷል፤ ልተኩሰው ነው» ስል አጎቴ ሊቀሙኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ይሄኔ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ መሃል ገቡ።

«ዲሳ! ይተዋት፣ አቶ በቀለ። የእሱ ተኩስ ነው፤ ትጨርስለት።»

ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን የመዳብ ቆብ ከመዶሻው ሥር አለበስኩት፣ ጓሯችን ወዳለው የአፈር ቁልል አነጣጠርኩና ተኮስኩ። ቀጥሎ ለቅሶው ባንድ ላይ ፈነዳ፤ በመንገድ የሚያልፉ ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። አጎቴ አጥሩን ተደግፈው አለቀሱ። ከዚያ አጠብኩት። ውሃው ጥቁር ሆኖ ወረደ፣ ቀጥሎ ደፈረሰ፤ ጥርት ብሎ ሲወርድ እስከዚያ እምቢ ያለኝ እንባ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ተተኩሶ አያውቅም። መስከረም በመጣ ቁጥር ሞራ እቀባዋለሁ፣ ያልዛገውም ለዚህ ነው። ጋሼ ያቺን ጥይት ያጎረሳት ለነጩ ድንጋይ ነበር፤ እኔ ግን ለራሱ ለቅሶ ያስቀመጣት ይመስለኛል።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ሰማ። ቀለሙ ደርቆ ጠመንጃውን መልሶ ሊሰቅል ሲል ቆም አለና ዘንጉን መዘዘ፤ ወደ ቱቦው ከቶ ጫፉን በጣቱ ዳሰሰ። እኩል ነበር።