ጋሼ «ዘንድሮ አላበበም» ያሉት አበባ

የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ በየፀደዩ ከሚኖሩባት ከፒከሪንግተን ከተማ እስከ ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች እየነዱ ብርቅ የዱር አበቦችን ፎቶ ያነሱ ነበር። ከመኪና ስንወርድ ሁሌም «እግርሽን እያየሽ ሂጂ» ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ግንቦት የሄድነው ለአንድ አበባ ነበር። እስኪያብብ ሦስት ዓመት ጠብቀውታል። እሳቸው ካሜራቸውን ከቦርሳ ሲያወጡ ከሥራ ቴክስት አደረጉልኝ። ስልኬን እያየሁ ሁለት እርምጃ ተራመድኩና አበባውን ረገጥኩት።

ጋሼ ተንበርክከው አገዳውን ሊያቀኑት ሞከሩ፤ አልቆመም። ጉልበታቸውን አራግፈው «በይ እንሂድ» አሉኝ። በመንገድ ላይ ስለ ሥራዬ ይጠይቁኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ «ፎቶውስ?» አሉ።

«ዘንድሮ አላበበም» አሉ ጋሼ።

ኅዳር ላይ አረፉ። እትዬ «ያን ሁሉ ጠብቆ ሳያየው ሄደ» እያሉ ሲያለቅሱ አቅፌያቸው ነበር፤ ያኔም እውነቱን አልነገርኳቸውም።

ባለፈው እሑድ ግን ሁሉንም ነገርኳቸው። ምንም ሳይቆጡኝ፣ «ለመሆኑ አበባው ምን ይመስል ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ከመርገጤ በፊት አላየሁትም።